የመኪና ቦዲ ሥራን በትምህርት ቤት መማር ያዋጣል ወይ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ የጋራዥ ባለቤቶች ደጋግመው የሚሰሙት አንድ ጥያቄ አለ። ወላጅ ልጁን ይዞ ይመጣና «እዚሁ ካንተ ዘንድ ሥራ ይልመድ ወይስ ቴክኒክና ሙያ ላስመዝግበው?» ብሎ ምክር ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የልጁን ሦስትና አራት የወጣትነት ዓመታት፣ የቤተሰቡን ጥሪት፣ ከዚያም አልፎ ነገ ልጁ በሚበይደው አውቶቡስ ተሳፍረው የዓባይን በረሃ የሚወርዱ ሰዎችን ሕይወት የሚነካ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ከተገኙ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች መሆኑ ቀርቶ የብዙኃኑ ሆኗል።

ምክንያቱን በዝርዝር ስለማስረዳ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ትምህርት ቤቱ ከጋራዥ ጋር አጣምሮ ለሚይዘው ወጣት በእርግጥ ያዋጣል፤ በተለይም በመንግሥት ኮሌጅ ገብቶ በብየዳ፣ በልኬትና በኤሌክትሪክ ላይ አተኩሮ ለሚማር ሰው። ጋራዥ ሳይረግጥ በክፍል ትምህርት ብቻ ባለሙያ ለመሆን ለሚያስብ ግን አያዋጣም። በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ባለሙያ እናደርጋለን ለሚል ተቋም በሬ ሸጦ ለሚከፍል ቤተሰብ ደግሞ ጭራሽ አያዋጣም።

ሥራው ምን ምን ይይዛል

በስልኩ የውጭ አገር ቪዲዮ የሚያይ ወጣት የመኪና ሥራ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው አሮጌ መኪና ተቆራርጦ፣ ጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም ተውቦ ሲወጣ ነው። በእኛ አገር መኪናን እንደ ደንበኛው ፍላጎት ሠርቶ ማውጣት ከሁሉ በፊት የእንጀራ ሥራ ነው። በአይሱዙ ሻንሲ፣ ማለትም ሸክሙን በሚይዘው የስር ብረት፣ ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ መገንባት፣ ለጤፍና ለበቆሎ ጭነት ስፖንዳ መሥራት፣ ሚኒባስን ወደ አምቡላንስ ወይም ወደ ዕቃ ማመላለሻ መለወጥ፣ ፒክአፕ ላይ የተዘጋ ሳጥን መግጠም፣ ወለሉን ዝገት የበላውን የድሮ ላንድ ክሩዘር ከስር ጀምሮ ማደስ፣ ግጭት የደረሰበትን ቪትዝ ወደ ልኩ መመለስ ሁሉም በዚህ ሙያ ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

ሙያው በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ የተለያዩ ዕውቀቶችን አጭቆ ይዟል። ላሜራ ቆርጦና አጥፎ በመዶሻ ቅርጽ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ላሜራ ሲመታ ይሳሳል፣ ሲሳሳም ይሰፋል፣ የሰፋው ክፍል የሚሄድበት ስለሚያጣ ይነፋል፤ ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ የት እንደሚመታ ብቻ ሳይሆን የት መምታት እንደሌለበትና የተነፋውን በሙቀት እንዴት መልሶ እንደሚሰበስብ ያውቃል። ብየዳው፣ የሻንሲና የአጥንት ሥራው፣ ቀለም ቅቡ፣ የወንበርና የውስጥ ልባስ ሥራው፣ የመብራትና የሽቦ ዝርጋታው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለሙያ አላቸው። በከተሞቻችን እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ወይም ሦስት ሰዎች ይዘው ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው፤ ችሎታቸው የሚደነቅ ቢሆንም በአንዱ የጎበዘ በሌላው ደካማ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ጋራዥ የሚያስተምረውና የማያስተምረው

ጋራዥ የሚያስተምረው በእርማት ነው። ቀለሙ ከተንጠባጠበ፣ በሩ አልገጥም ካለ፣ ኮፈኑ ላይ ሞገድ ከታየ አለቃው ወዲያው ያየዋል፤ ይቆጣል፣ ያስፈርሰዋል፣ ልጁም ደግሞ ይሠራል። በዚህ መንገድ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የሚገኘውን የእጅ ቅልጥፍና የትኛውም ክፍል ውስጥ ያለ ሰሌዳ ሊሰጥ አይችልም። የመዶሻው ድምፅ ሲለወጥ ላሜራው ከስር የተደገፈበትን ብረት መሳቱን የሚያውቅ ጆሮ፣ በመዳፉ ዳብሶ ዓይን ያላየውን ጉብታ የሚያገኝ እጅ የሚሠሩት በድግግሞሽ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ እርማት የሚሠራው ለሚታይ ስህተት ነው። ከላይ ያማረ ብየዳ ከስር ወደ ብረቱ ሳይገባ ተንሳፍፎ ሊቀር ይችላል። ግራይንደር ካለፈበትና ስቱኮና ቀለም ከሸፈነው በኋላ ደግሞ አለቃውም፣ ደንበኛውም፣ መርማሪውም አያየውም። ስንጥቁ የሚወጣው ከዓመት በኋላ፣ ምናልባትም በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ነው። መኪናው በዚያ ሲበላሽ ወደ ሌላ ጋራዥ ስለሚጎተት፣ የበየደው ልጅም ሆነ ያስተማረው አለቃ ስህተታቸውን ሳያውቁ ያንኑ ሥራ በሌላ መኪና ላይ ይደግሙታል። አንድ ሰው ሃያ ዓመት በሥራ ላይ ቆይቶም ያልታረመ ስህተት ይዞ ሊኖር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤት ዋጋ ሁሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማይታየውን ስህተት አስቀድሞ በስሌትና በሙከራ ማሳየት የሚችል ቦታ እሱ ነውና። የተበየደን ናሙና በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ማየት፣ በማጠፊያ ላይ አስቀምጦ እስኪሰበር ማጠፍ ለንግድ በሚሠራ ጋራዥ ጊዜና ብረት ማባከን ነው፤ በትምህርት ቤት ግን ዋናው ትምህርት ሊሆን ይገባዋል።

ጉዳዩን በሻንሲ ማርዘም ሥራ ላይ እንየው። የጭነት መኪናን አስረዝሞ ብዙ ወንበር የሚይዝ ቅጥቅጥ ማድረግ ወይም ረጅም ጭነት እንዲችል ማድረግ በደንበኞች ዘንድ የሚፈለግ ሥራ ነው። ለማስረዳት ያህል ሻንሲውን በሁለት ጫፉ እንደተደገፈ ዘንግ እንቁጠረው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር የነበረው ወደ 4.8 ሜትር ከረዘመ ርዝመቱ በ20 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። አጠቃላይ ጭነቱ ሳይጨምር በእኩል ተዘርግቶ ቢቀመጥ እንኳ ሻንሲውን ለማጠፍ የሚታገለው ኃይል በ20 በመቶ ያድጋል፤ መሃሉ ወደ ታች የሚወርድበት መጠን ግን ርዝመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ (1.2 × 1.2 × 1.2) በሚገኘው ልክ ስለሚያድግ 73 በመቶ ያህል ይጨምራል። በተጨመረው ቦታ ላይ ተጨማሪ ሰውና ዕቃ ከተጫነና በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያለው ክብደት እንደ በፊቱ ከቀጠለ ደግሞ የሚያጥፈው ኃይል በ44 በመቶ ይጨምራል፣ የመሃሉ መውረድም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። «ትንሽ ነው ያስረዘምኩት» የሚለው አነጋገር ስሌቱን ለማያውቅ ሰው እውነት ይመስላል፤ ብረቱ የሚሸከመው ግን በስሌቱ ልክ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ብየዳው የሚያርፍበት ቦታ ነው። የሻንሲው ዘንግ አንድ ቋሚ ጎንና ከላይና ከታች የታጠፉ ሁለት ክንፎች አሉት። ሻንሲው ሲታጠፍ ከፍተኛው መወጠርና መጨመቅ የሚደርሰው በክንፎቹ ላይ ስለሆነ፣ አምራቾች ለቦዲ ሠሪዎች በሚያወጡት መመሪያ ክንፎቹን መብሳትንም ሆነ በእነሱ ላይ መበየድን በጥብቅ ይከለክላሉ፤ መብሳት የሚያስፈልግ ከሆነ በቋሚው ጎን ላይ፣ በተወሰነ ርቀት ይበሳል። ብረቱ በተለየ የሙቀት አያያዝ ጠንክሮ የተሠራ ከሆነ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ክፍል ያለዝበዋል፤ ስብራቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ ሙቀቱ ከነካው መስመር ላይ ነው። ይህን የማያውቅ በያጅ ስንጥቁን ባየ ቁጥር በላዩ ላይ ደግሞ ይበይዳል፤ ደግሞ በበየደ ቁጥርም የለዘበውን ክፍል ያሰፋዋል።

ሦስተኛው የክብደት ክፍፍል ነው። ከኋላ ጎማ ወዲያ የተንጠለጠለው ቦዲ ሲረዝምና ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያደላ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፤ የቀለለ የፊት ጎማ ደግሞ መሪውን በሚገባ አይታዘዝም። በጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫነው ዕቃ ሲከመር የመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍ ይልና በመጠምዘዣ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ሜዳ ለሜዳ ለሚሄድ መኪና ይህ ቀስ ብሎ የሚታይ ችግር ሊሆን ይችላል። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል የሚወጣውን የዓባይ በረሃ መንገድ ለሚመላለስ የጎጃም መኪና ግን ፍሬኑ በሙቀት በደከመበት ሰዓት ሁሉም ስህተት በአንድ ጊዜ ይመጣል።

የቤት መኪኖች ደግሞ ሌላ ዕውቀት ይጠይቃሉ። ኮሮላና ቪትዝ እንደ አይሱዙ ራሱን የቻለ ሻንሲ የላቸውም፤ ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው ተባብረው ሸክሙን የሚይዙት አንድ ሆነው ነው። ስለዚህ የጣሪያን ምሰሶ ቆርጦ መቀጠል መኪናውን በሙሉ የሚያዳክም ሥራ ነው። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የበር ምሰሶዎቹ የሚሠሩት በጣም ጠንካራ ከሆነ ብረት ስለሆነ በእሳት አግሎ ማቃናት ጥንካሬውን ያጠፋዋል፤ ከውጭ ሲታይ ቀጥ ብሎ የተመለሰ ምሰሶ በሁለተኛው ግጭት እንደ ወረቀት ሊታጠፍ ይችላል። በብየዳ ጊዜ የባትሪውን ገመድ አለመንቀል እንኳ የመኪናውን የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሊያቃጥል ይችላል።

የሠራተኛው ጤናም ከማይታዩት ነገሮች ይቆጠራል። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም በዚንክ የተለበጠ፣ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ማታ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል፤ በብዙ ጋራዦች መድኃኒቱ ወተት ነው ይባላል፤ ወተት ግን ሳንባ ውስጥ የገባን ጭስ አያወጣም። የሚከላከለው ሽፋኑን በብየዳው መስመር ላይ አስቀድሞ ፍቆ ማንሳት፣ አየር በሚተላለፍበት ቦታ መሥራትና ተገቢውን ጭምብል ማድረግ ነው። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጭ የመኪና ቀለም በውስጡ ያለው ኬሚካል ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ለአቧራ የተሠራ የጨርቅ ጭምብልም አያቆመውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ በሚገባ ያስተማረ ኮሌጅ ለአንድ ወጣት ትልቅ ውለታ ውሎለታል።

በጎጃም ያለው ዕድል

አንባቢ ሁለት ስሞችን እንዳያምታታ መጠንቀቅ አለበት። በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ትብብር በባሕር ዳር የተቋቋመው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ መሐንዲሶችን የሚያወጣ ነው። የእጅ ባለሙያ የሚያሠለጥኑት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎችም የጎጃም ከተሞች ይገኛሉ። ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን ዝቅተኞቹ ደረጃዎች በአብዛኛው የእጅ ሥራ ላይ፣ ከፍተኞቹ በቁጥጥርና በአመራር ላይ ያተኩራሉ። መመሪያው ከሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከተግባሩም ከፊሉ በትብብር ሥልጠና አማካይነት በድርጅቶችና በጋራዦች ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል።

መመሪያው መልካም ነው፤ ቁም ነገሩ ወርክሾፑ ውስጥ ያለው እውነታ ነው። ሠላሳ ሠልጣኞች ሦስት የብየዳ ማሽን ይጋሩ እንበል። የተግባር ክፍለ ጊዜው ሦስት ሰዓት ቢሆን ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚደርሰው 18 ደቂቃ ብቻ ነው፤ መብራት ከጠፋ ወይም ኤሌክትሮድ ካለቀ ያም የለም። ስለዚህ በወረቀት ላይ 70 በመቶ ተግባር የተባለው ለአብዛኞቹ ቆሞ ማየት ይሆናል። ቆሞ በማየት ደግሞ ብየዳ አይለመድም። አንድ ኮሌጅ ለመመዝገብ የሚበቃ መሆኑን ለማወቅ የምመክረው ዘዴ ቀላል ነው፤ ሥልጠና በሚሰጥበት ቀን ሄዶ ወርክሾፑን ማየትና የተጣለውን ቁርጥራጭ መመልከት። የተበየዱ፣ የተሰነጠቁ፣ ታጥፈው የተሰበሩ ናሙናዎች ተከምረው ካሉ እዚያ ቤት ትምህርት አለ። ወለሉ የተጠረገ፣ ማሽኖቹ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ከሆኑ ግን ለጎብኚ የተዘጋጀ እንጂ ለሠልጣኝ የተዘጋጀ ወርክሾፕ አይደለም። ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ሁለትና ሦስቱን ፈልጎ በእጃቸው ስንት ጊዜ እንደበየዱና የትብብር ሥልጠናቸውን የት እንዳሳለፉ መጠየቅም ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራል።

ወጪን በሚመለከት የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያ ከግል ተቋም ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ከባዱ ወጪ ሌላ ነው፤ ከቢቸና ወይም ከዳንግላ ገጠር ለመጣ ልጅ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪው፣ እንዲሁም በዚያው ጊዜ ሊያገኝ ይችል የነበረው የቀን ገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ትምህርት ሲቋረጥና መንገድ ሲዘጋ ስለቆየ፣ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሥልጠናን ከመጀመር ይልቅ ደረጃ በደረጃ ጨርሶ በየደረጃው የምስክር ወረቀት መያዝ የበለጠ አስተማማኝ ሆኖ ይታየኛል። ደረጃ 2ን ጨርሶ ጋራዥ ገብቶ፣ ሠርቶ፣ ከዚያ ለደረጃ 3 የሚመለስ ልጅ ምን መጠየቅ እንዳለበት አውቆ ይመለሳል።

ብዙ ቤተሰቦች የማያውቁት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ሲኦሲ ተብሎ የሚታወቀው የሙያ ብቃት ምዘና በኮሌጅ ለተማሩት ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ በጋራዥ ሥራ የለመደ ሰውም ችሎታውን አስመዝኖ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። ስለዚህ አምስትና ስድስት ዓመት በላሜራና በብየዳ ሥራ የቆየ ባለሙያ ከመጀመሪያው ደረጃ ተነሥቶ መማር አያስፈልገውም። ለእሱ የሚበጀው በቀጥታ ለምዘና መቅረብና የጎደለውን፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ንድፍ ማንበብን፣ የብየዳ ንድፈ ሐሳብንና ኤሌክትሪክን፣ በአጭር ሥልጠና መሙላት ነው። የምስክር ወረቀቱ በጥቃቅንና አነስተኛ ለመደራጀት፣ በጨረታ ለመወዳደርና በትላልቅ ድርጅቶች ለመቀጠር በር ይከፍታል፤ ያለ እሱ ጎበዝ ሰው ለዘላለም በሌላ ሰው ፈቃድ ስር ሲሠራ ይኖራል።

የጋራዡም መንገድ ያለ እንከን አይደለም። ለማጅ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ስቱኮ ሲፈገፍግ፣ ዕቃ ሲያቀብልና ሲያጥብ ይውላል፤ የሚያገኘውም የምሳና የትራንስፖርት ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር አንዳንድ አለቆች ልጁ ነገ ተፎካካሪ እንዳይሆንባቸው ሲሉ ዋናውን ሥራ ለብቻቸው በራቸውን ዘግተው መሥራታቸው ነው። ሴት ልጆችን ለማጅ አድርጎ የሚቀበል ጋራዥም በጣም ጥቂት ነው፤ ለእነሱ ኮሌጁ ብቸኛው በር ሊሆን ስለሚችል ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ስሌት በእነሱ ዘንድ የተለየ ነው። ብረት ሥራን ዝቅ አድርጎ ማየት በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ነውር ነው፤ አጼ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱትም ለዚህ ነው። ዛሬም «ተምሮ ጋራዥ ገባ» ብለው የሚያዝኑ ወላጆች አሉ፤ ዲፕሎማው እነዚህን ወላጆች ካሳመነና ልጁ ቀና ብሎ እንዲሠራ ካደረገው ይህም ከጥቅሙ ይቆጠራል።

የውጭ አገሮቹ ትምህርት ቤቶች

በውጭ ዘመድ ያላቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ልጃቸውን አሜሪካ ወዳለ የመኪና ግንባታ ትምህርት ቤት ስለመላክ ይጠይቃሉ። በዚያ አገር ይህ ትምህርት በእርግጥ አለ። በዋዮሚንግ ግዛት በላራሚ ከተማ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዋዮቴክ መኪናን በልዩ ንድፍ ለመገንባት የሚያበቃ ሥልጠና በ9 ወር ይሰጣል፤ በካንሳስ ግዛት ያለው ማክፈርሰን ኮሌጅም በአሮጌ መኪኖች እድሳት የአራት ዓመት ዲግሪ ያስተምራል። ነገር ግን በዚያም አገር ክርክሩ የእኛው ዓይነት ነው፤ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጣ ወጣት በመጀመሪያ ሥራው እንደ ጀማሪ ረዳት ተቆጥሮ የሚጀምር ሲሆን፣ ለትምህርቱ የተበደረው ገንዘብ ግን ሥራ እስኪለምድ አይጠብቀውም።

የችግሩን ስፋት ለማየት አንድ የታወቀ ታሪክ ይበቃል። ለትርፍ የሚሠሩ በርካታ የሙያ ትምህርት ቤቶችን የያዘው፣ በአንድ ወቅትም ዋዮቴክን ያስተዳድር የነበረው ኮሪንቲያን ኮሌጆች የተባለው ድርጅት ሥራ የማግኘት ዕድልን አጋኖ በማስተዋወቅ ተከሶ በ2015 እ.ኤ.አ. ፈርሷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የድርጅቱ ተማሪዎች ለነበሩ 560,000 ሰዎች 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰርዞላቸዋል። እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ዕዳ ሰራዥ የለም። ሁሉም የግል ተቋም ያታልላል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን «ከተመረቅህ ሥራ አለህ» የሚል ቃል የሰጠ ማንኛውም ተቋም ቃሉን በጽሑፍ እንዲያሰፍርና ያስቀጠራቸውን ሰዎች የሥራ ቦታ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጀርመኖች ሌላ መንገድ ይዘዋል። የመኪና ቦዲ ባለሙያ ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ሦስት ዓመት ተኩል በአንድ ድርጅት ውስጥ እየተከፈለው ይሠራል፤ ከዚያው ጎን ለጎን በሙያ ትምህርት ቤት ይማራል፤ በመጨረሻም በሦስተኛ ወገን ይፈተናል። የእኛ የትብብር ሥልጠና ሐሳብም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተዛመደ ነው። ልዩነቱ በጀርመን ድርጅቱ በውል የተሳሰረ ሲሆን፣ እኛ ጋ ሠልጣኙ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ጋራዥ ለጋራዥ ሲዞር መታየቱ ነው።

ገበያው ወዴት ይሄዳል

ሥራው ይኖራል ወይ የሚለው የወላጆች ስጋት ተገቢ ነው፤ እኔ የማየው ግን ሥራው እንደሚበዛ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የሁለቱ ውጤት በአገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ዋጋ እየናረ እንዲሄድና ባለቤቱም ከመጣል ይልቅ ማደስን እንዲመርጥ ማድረጉ ነው። ወለሉ የዛገ፣ በሩ የተበላ መኪና ዛሬ በቦዲ ሠራተኛ እጅ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል።

በሌላ በኩል በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች እየበዙ ነው፤ እነሱ ደግሞ በልምድ ብቻ የሚነኩ አይደሉም። በብዙዎቹ ላይ ባትሪው የተዘረጋው ከወለሉ ስር ነው፤ የሚይዘው ኃይልም በተለምዶ ከ300 እስከ 400 ቮልት ስለሚደርስ፣ የበሩን የታችኛውን ምሰሶ በግራይንደር የሚቆርጥ ወይም ከወለሉ አጠገብ የሚበይድ ሰው ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ትርጉም ካላወቀ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ተሳስቶ የሚታረሙበት ስላልሆነ በጋራዥ የእርማት ትምህርት ሊገኝ አይችልም። በሚቀጥሉት ዓመታት በኮሌጅ የተማረና ያልተማረ ቦዲ ሠራተኛ ጎልቶ የሚለይበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ለመመዝገብ የሚያስብ ወጣት ኮሌጁ የኤሌክትሪክ መኪና ሥልጠና መስጠት መጀመር አለመጀመሩን ይጠይቅ።

ሌላው ሁልጊዜ የሚረሳው የሕግ ነገር ነው። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ቀለም፣ የወንበር ወይም የጭነት ልክ ተጽፏል። መኪናውን አስረዝሞ፣ ወንበር ጨምሮ ወይም ዓይነቱን ለውጦ ያለ ፈቃድ ያስረከበ ባለሙያ ለደንበኛው በዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ የሚያስከለክል፣ አደጋ ሲደርስም ከመድን ድርጅት ጋር የሚያጣላ ነገር አስረክቦታል። በሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በብየዳ ወይም በግራይንደር ማጥፋት ደግሞ ከወንጀል ጥርጣሬ ያደርሳል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ንድፍ አዘጋጅቶ፣ ልኬቱን ጽፎ፣ ደንበኛው ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ፈቃድ እንዲያመጣ የሚጠይቅ ባለሙያ በሠፈሩ ጥቂት ነው፤ ንድፍ መሥራትንና ማንበብን የሚያስተምረውም በአብዛኛው ኮሌጁ ነው።

እንግዲህ ልጁን ይዞ ወደ ጋራዥ ለመጣው ወላጅ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። ልጁን ኮሌጅ ያስመዝግበው፤ ነገር ግን ከመመዝገቡ በፊት ባለው ክረምት ጋራዥ ያስገባው፤ ሙቀቱን፣ አቧራውንና ጩኸቱን ችሎ ሁለት ወር የቆየ ልጅ ሙያውን ለመማር ዝግጁ ነው፤ ያልቻለም ጊዜውን ሳያባክን ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በኮሌጁ ቆይታው ቅዳሜና የዕረፍት ቀናት ከዚያው ጋራዥ አይራቅ። ከጋራዡ ባለቤት ጋር የሚደረገው ስምምነትም በቃል ብቻ መቅረት የለበትም፤ በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት ላይ፣ በሁለተኛው ብየዳ ላይ፣ በሦስተኛው ላሜራ ቅርጽ ማውጣት ላይ እንደሚመደብ፣ የዓይን መከላከያውንና ጭምብሉን ማን እንደሚገዛ፣ ከስንተኛው ወር ጀምሮ ስንት ብር እንደሚከፈለው በአንድ ወረቀት ጽፎ ሁለት ምስክር ማስፈረም ይገባል። የትብብር ሥልጠናው ጊዜ ሲደርስ ኮሌጁ ደብዳቤውን ለዚያው ጋራዥ እንዲጽፍለት ልጁ ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ ልጁን የማያውቀው አዲስ ጋራዥ ለሥልጠናው ጊዜ ብቻ የመጣን ሰው ብየዳ ላይ ለመመደብ ስለማይደፍር መልሶ ብርጭቆ ወረቀት ነውና የሚሰጠው።